አየሩ ነጻ ከሆነ

ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰው ተሰብስቦ ገመድ አልባ መሣሪያዎች በአንድ ጣራ ሥር ሳይረባበሹ እንዴት እንደሚኖሩ ደንብ ያወጣል። ሥራው አራት ዓመት ፈጅቷል። በእነዚህ አራት ዓመታት ሁለት አባላት ጡረታ ወጡ፣ አንዱ ሚስቱን ፈታ፣ ደንቡ ግን እስከ ዛሬ ረቂቅ ነው። ጥሩ ነገር አይቸኩልም ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመጨረሻውን ረቂቅ ከኢንተርኔት ማውረድ አቃታቸው። ለምን ቢባል፣ እያንዳንዱ የራሱን ስልክ ዋይፋይ ከፍቶ፣ አሥራ አንዱ ስልክ በአንዲት ክፍል አየር ላይ ሲጋፋ የሕንፃው ኔትወርክ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። «እስቲ ስልካችሁን አጥፉ» ተባለ። ማን ያጥፋ? ሁሉም ሌላው እስኪያጠፋ ጠበቀ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሎዘ ታች ወርዳ፣ መቶ አርባውን ገጽ ለእያንዳንዳቸው በወረቀት አትማ፣ እያለከለከች ተሸክማ መጣች። በሰላም አብሮ የመኖርን ደንብ የሚጽፉልን እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ቪብከ ኦለንዶርፍ የተቀመጠችው በመስኮቱ በኩል ነው። ብሬመን ካለ የክሬን ሪሞት ከሚሠራ ትንሽ ድርጅት የመጣች መሐንዲስ ናት። የሰሜን ሰው ናት፤ የሰሜን ሰው ደግሞ ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ አፉን አይከፍትም፤ ጨርሶም ከሆነ፣ ምናልባት የሚጨምረው ይኖር እንደሆነ ብሎ ትንሽ ይታገሣል። እናቷ ያሳደገቻት እንዲህ ነው። ምርጥ አስተዳደግ ነው፤ ለዚህ ስብሰባ ግን አይሆንም።

የረቂቁ ዋና ሕግ አጭር ነው፦ ማንኛውም መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ያዳምጥ፤ አየሩ ላይ ሌላ የሚናገር ካለ ዝም ብሎ ይጠብቅ። ያማረ ሕግ ነው፤ ዕቃ ለሚያመላልስ ሮቦት፣ ለሙቀት መለኪያ፣ ለውሃ ቆጣሪ እንከን አይወጣለትም። ቪብከን እንቅልፍ የነሳት የክሬኑ ሪሞት ላይ ያለው ቀይ ቁልፍ ነው፤ ሰው ሊደቅቅ ሲል የሚጫኑት ቁልፍ። በረቂቁ መሠረት «ቁም» የሚለው ምልክትም እንደማንም ተራውን ይጠብቃል። እርግጥ ነው፣ ክሬኑ ከሪሞቱ ምንም ካልሰማ በራሱ ይቆማል። ግን የሚቆመው ሁለት ሴኮንድ ከጠበቀ በኋላ ነው። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ብረት ያንጠለጠለ መንጠቆ ሁለት ሜትር ይሄዳል።

ታናሽ ወንድሟ ኤኖ ደግሞ ከዚያ መንጠቆ ሥር ነው እንጀራው። ብሬመን ወደብ አጠገብ ባለ የብረት መጋዘን፣ ብረቱን ከመንጠቆው ጋር የሚያስረው እሱ ነው። በሚመጣው ዓመት መጋዘኑ ሪሞቶቹን ሁሉ በአዲሱ ደንብ ሊቀይር፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥም ሠላሳ ሮቦት ሊያስገባ ነው። ሠላሳ ለፍላፊ ሮቦት ቀኑን ሙሉ «እዚህ ነኝ፣ እዚያ ነኝ» ሲባባል፣ የኤኖ ቀይ ቁልፍ በትሕትና ተራውን ሊጠብቅ ነው።

«የአደጋ ማቆሚያ ምልክት ሳይጠብቅ ይላክ» የሚል አስተያየት ካስገባች ቆይታለች። መጀመሪያ «አደጋ» ለሚለው ቃል ትርጉም አልተሰጠውም ተብሎ አደረ። ቀጥሎ ትርጉም የሚሰጠው ንዑስ ኮሚቴ አልተቋቋመም ተባለ። ከዚያ ንዑስ ኮሚቴው ተቋቋመ፣ ነገር ግን ስላልተሰበሰበ እንደገና አደረ። ዛሬ የመጨረሻው ስብሰባ ነው፤ ማታ ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።

ሰብሳቢው ዶክተር ራይንሆልድ ኩፐርስ ናቸው። የሚወክሉት ሮቦቶቹን የሚሠራውን ትልቁን ኩባንያ ነው፤ እንዲያው አጋጣሚ ነው፣ ሐሜት አይሁንብኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። የሳቸው ችግር አተነፋፈሳቸው ነው፦ አየር የሚስቡት ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ እንጂ መጨረሻው ላይ አይደለም። አንዱን ነገር ሲጨርሱ ሌላው ተጀምሯል፤ ጨዋ ሰው የሚገባባት ቀዳዳ የለችም።

በዚህ ጉባዔ ድምፅ አይሰጥም። ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ?» ይላሉ፤ ዝም ከተባለ «ተቃውሞ አልሰማሁም» ይላሉ፤ ሁሉም እንደ አገሩ ልማድ ጠረጴዛውን በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፤ አለቀ። ወይዘሮ ሎዘ ትጽፈዋለች። ከጻፈች በኋላ ሊቀ መላእክት ቢወርድ አያስለውጠውም። መናገር የፈለገ ሰው ደግሞ ፊቱ ያለችውን የስም ካርድ ያቆማታል። ቪብከ ጠዋት ገና ሳይጀመር ካርዷን አቁማ ነበር።

«አይቼዎታለሁ፣ ወይዘሮ ኦለንዶርፍ» አሉ ኩፐርስ በፈገግታ። «እመጣበታለሁ።»

አልመጡበትም። ስለ አንቴና ቁመት ተናገሩ፣ ስለ ሥዕሎቹ ቀለም ተናገሩ፣ ገጹ ላይ ቁጥሩ ከላይ ይሁን ከታች የሚለው አርባ ደቂቃ በላ። የቪብከ ካርድ ቆማ ዋለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የቪብከ ዝምታ ግን አራት ዓመት ተቀምጦ ነቅዟል።

ምሳ ላይ የድንች ሾርባና ቋሊማ ቀረበ። አሎይስ አይግነር ሳህኑን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። የባቫሪያ ሰው ነው፣ የውሃ ቆጣሪ ይሠራል፤ ከአራት ዓመት ስብሰባና ከብዙ ቢራ በኋላ «እርስዎ» መባባሉን ትተዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬው እስኪጨርስ ነው የምትጠብቂው?» አላት።

«ታዲያ እየተናገሩ ላቋርጣቸው?»

«እሳቸው የሚጨርሱት ጡረታ ሲወጡ ነው። ያን ቀንም የስንብት ንግግር አለ።»

«አልችልበትም፣ አሎይስ። አፌ አይታዘዘኝም።»

«እንግዲያው ብዪ፤ ሾርባሽ በረደ።»

«አንተስ? አንዲት ቃል ብታግዘኝ ምን አለ?»

«እኔ?» አይግነር ቋሊማውን ቆረጠ። «የኔ ቆጣሪ በቀን አንዴ ነው የሚያወራው። ሁለት ሴኮንድ ቢጠብቅ ምን ይቀርበታል? ከኩፐርስ ጋር ደግሞ ሌላ ሦስት ኮሚቴ አለን።» ቢያንስ አልዋሸም፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይኼም አንድ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣዎች ከጠረጴዛ ሥር ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። የኮሚቴው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምሥጢር አለ፦ ስምምነት የሚመጣው በክርክር ሳይሆን በባቡር ነው። አስቸጋሪ ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ያኔ ይነሣል፤ ያኔ የማይስማማ የለም። ባቡሩ ራሱ በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም፣ ግን እንዳያመልጠው የማይጨነቅ ሰው የለም። የቪብከ አስተያየት የተነሣው ሦስት ሰዎች ኮታቸውን ከለበሱ በኋላ ነው።

«ወይዘሮ ኦለንዶርፍ፣ ደስ ይበልዎት» አሉ ኩፐርስ። «ንዑስ ኮሚቴው አስተያየትዎን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎታል። አዲሱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ የአደጋ ማቆሚያ ምልክት ምንም ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ይላካል፤ ይኸውም አየሩ ነጻ ከሆነ ነው።»

ጠረጴዛው ተንኳኳ። አንዱማ ከደስታው የተነሣ በሁለት እጁ አንኳኳ። የአደጋ ጊዜ በር ምንጊዜም ክፍት ይሁን፣ አደጋ ከሌለ፣ ብሎ እንደ መደንገግ ነው፤ ግን የተማረ ሰው ተሰብስቦ ሲጽፈው ያምራል።

ቪብከ ጆሮዋን አላመነችም። ካርዷን እያየች እጇን ወደ ላይ አነሣች። ኩፐርስ ወደ ምስጋና ገብተው ነበር። ንዑስ ኮሚቴውን አመሰገኑ፣ ወይዘሮ ሎዘን አመሰገኑ፣ ከዚህ ዓለም የተለዩትን አንድ አባል አስታወሱ፣ ወጥ ቤቱን ስለ ሾርባው አመሰገኑ። በምስጋናው ጫፍ ላይ «ተቃውሞ አልሰማሁም» እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። የወይዘሮ ሎዘ ጣቶች ኮምፒውተሩ ላይ ተዘጋጅተዋል። ቪብከ ቀዳዳ ፈለገች። አሁን ይተነፍሳሉ ስትል፣ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ተነፈሱና ቀጠሉ። ኤኖን አሰበችው፤ ሁለት እጁ ሰንሰለት ላይ፣ ጀርባው ወደ ክሬኑ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ የሚቀረው የወንድሟ ነፍስ ነበር።

«አልስማማም» አለች።

«...እንዲሁም የዛሬውን ውሃና ብስኩት ላዘጋጁልን፣ አንድ ጊዜ ልጨርስ ወይዘሮ ኦለንዶርፍ፣ በተለይም...»

«አልስማማም። ይህ አንቀጽ አይሆንም።»

ሁለቱ ባንድ ላይ ተናገሩ፤ የሳቸውም አልተሰማ፣ የሷም አልተሰማ። ረቂቁ ለዚህ ጣጣ ሠላሳ ገጽ መድቦለታል፦ ሁለቱም ዝም ይበሉ፣ እያንዳንዱ በዕጣ የደረሰውን ያህል ይጠብቅ፣ እንደገና ይሞክር። ደራሲዎቹ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አንዳቸውም አላስታወሱትም። ቪብከ ዝም አላለችም። ፊቷ ቀልቶ ቀጠለች፤ መጀመሪያ ዝም ያሉት ኩፐርስ ሆኑ።

«እኔ እኮ እየተናገርኩ ነበር» አሉ፣ ከልብ ተቀይመው።

«አውቃለሁ። ሮቦቶችዎም እየተናገሩ ነው። ወንድሜ እነሱ እስኪጨርሱ ከመንጠቆው ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነው የሚሉት?»

«የለም፣ ክሬኑ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ በራሱ...»

«በሁለት ሴኮንድ ሁለት ሜትር ይሄዳል፣ ዶክተር። የወንድሜ ደረት ውፍረቱ ሠላሳ ሴንቲሜትር ነው።»

አንዱ ኮቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ መለሰው።

«አየሩ ነጻ ከሆነ የምትለዋ ካልወጣች ተቃውሞዬ ይመዝገብ» አለች ቪብከ። «ረቂቁም አይታተም። በመከር እንደገና እንሰብሰብ።»

በመከር የሚለው ቃል ክፍሉን እንደ ብርድ ዞረው። ይኼኔ አይግነር ጉሮሮውን ጠራረገና፣ እኔም ብትወጣ እመርጣለሁ፣ ድሮም ከንክናኝ ነበር አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኩፐርስ ወረቀቱን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ቪብከን አዩ። ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው የኤኖ ደረት ይሁን ወደ ኮሎኝ የሚወስዳቸው ባቡር እግዜር ይወቅ። ብዕር አንሥተው ሐረጓን ሠረዙ።

«ተቃውሞ አለ?» አሉ። ጠበቁ፤ በእውነት ጠበቁ። «ተቃውሞ አልሰማሁም። ቃለ ጉባዔው ላይ ግን ሰብሳቢው እየተናገሩ እንደተቋረጡ ይግባ።»

ገባ።

ቪብከ ባቡር ጣቢያ ደረሰች። ደስታዋን ለማን ትንገር? ለኤኖ ደወለች። ሲያነሣው ከኋላው የክሬኑ ጩኸት ይሰማል።

«ኤኖ፣ ተሳካ። ቀዩ ቁልፍ አይጠብቅም። አራት ዓመት፣ ኤኖ።»

«የቱ ቀይ ቁልፍ?»

«የሪሞቱ ነዋ። ማቆሚያው።»

«አ፣ እሱ» ኤኖ ሳቀ። «እሱንማ ሸፍነነዋል እኮ። ሪሞቱ ወገባችን ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ጎንበስ ባልን ቁጥር ጃኬታችን እየነካው ክሬኑን ቀጥ ሲያደርግብን ጊዜ፣ ባዶ የእርጎ ኩባያ ደፍተንበት በፕላስተር ጠቀለልነው። ከፋሲካ ወዲህ የነካው የለም። ሥራው ቀለለ እልሻለሁ።»

ቪብከ የባቡር መሳፈሪያው መድረክ ላይ ቆማ ቀረች። ሪሞቱ የሷው ድርጅት ሥራ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ምልክቱ አየር ላይ ምን እንደሚገጥመው ስትሟገት፣ ማንም፣ እሷም ጭምር፣ ጣት ቁልፉ ላይ ይደርስ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ማልቀስ አማራት፣ መሳደብም አማራት።

«ኤኖ፣ አሁን ንቀለው።»

«እሺ፣ ፈረቃው ሲያልቅ...»

«አሁን አልኩህ።»

«ቪብከ፣ ኃላፊው እያናገረኝ ነው፣ ትንሽ ጠብቂ...»

«አልጠብቅም። ለሱም ስጠው፣ እሱንም አነጋግረዋለሁ። ፕላስተሩ ሲላጥ በጆሮዬ ካልሰማሁ ስልኩን አልዘጋም።»

መድረኩ ላይ ያለው ሰው ዞር ብሎ አያት። የብሬመን ባቡር መጣ፤ በሰዓቱ መጣ፣ ለጉድ። ሰው ተጋፍቶ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ። ቪብከ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ኤኖ አጉረመረመ፣ «ይቺ እህቴ አብዳለች» ብሎ ለአንድ ሰው አስረዳ፤ ከዚያ ፕላስተሩ መላጥ ጀመረ። ብዙ ዙር ተጠቅልሎ ነበር።

«ወለቀ» አላት። «በቃሽ?»

«ተጫነው።»

«ሥራ ላይ ነን እኮ፣ አንቺ።»

«ተጫነው፣ ኤኖ።»

ስልኩ ውስጥ የክሬኑ ጩኸት ቀጥ አለ። ከሩቅ አንድ ሰው፣ ይኼን የማይረባ ቁልፍ ማነው የከፈተው፣ እያለ ይራገም ጀመር።