ሰባተኛው ጃስሚን

ልብስ ሰፊው ቀጭኑን ብሩሽ ነጭ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወደ ወረቀቱ ሊያስጠጋ ሲል፣ አዛውንቷ ከኋላ እጁን ያዙት።

"የተቀደደ ሱሪ መሰለህ የምትጥፈው?"

ሴትዮዋ የሟች ሚስቱ አለቃ ናቸው፤ የዕፅዋት ሙዚየሙ የሥዕል ክፍል ኃላፊ። ሥዕሉን ሊወስዱ ነው የመጡት። ሚስቱ መስኮቱ ላይ የተጠመጠመውን ጃስሚን ስትስል ከርማ፣ ሰባተኛው አበባ ላይ ስትደርስ አልጋ ያዘች፤ በዚያው አልተነሳችም። አንዱ አበባ ባዶ የእርሳስ ቅርጽ መሆኑን በስልክ ቢነግራቸው፣ ያልተጨረሰ ሥዕል ሙዚየሙ በሚያሳትመው መጽሐፍ ውስጥ እንደማይገባ፣ ካስፈለገም ሌላ ሠዓሊ እንደሚጨርሰው ነገሩት። የባዕድ እጅ ከሚገባበት እኔው ልሞክረው ብሎ ነው ጉድ ሊሠራ የነበረው።

"ነጭ አበባ በነጭ ቀለም አይሳልም፣ ልጄ። ነጩ ወረቀቱ ነው።"

አልገባውም። ወረቀቱ የተወጠረበትን ሰሌዳ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረጉለት።

ያኔ አየ። አበቦቹ ላይ አንዲት ጠብታ ነጭ የለም። የሳለችው ዙሪያውን ነው፤ ቅጠሉን፣ ሐረጉን፣ አንዱ የአበባ ክንፍ በሌላው ላይ የጣለውን ከትንፋሽ የሳሳ ጥላ። ሰባተኛውም ላይ ያ ጥላ አለ። ለካ ጨርሳዋለች። ሃያ ዓመት አብሯት ሲኖር፣ ከቀለም ሳጥኗ ውስጥ ነጩ ቱቦ ብቻ ለምን እንደማያልቅ ልብ ብሎ አያውቅም ነበር። በመስኮቱ የሚገባው የጃስሚን ሽታ ከወረቀቱ የሚወጣ መሰለው። ብሩሹን አስቀምጦ ቁጭ አለ።

"ታዲያ ምን ቀረው፣ እትዬ?"

"እርሳሱን ማጥፋት ብቻ። ሲታተም መስመር መታየት የለበትም። ቢሮ ስደርስ ከሠዓሊዎቹ አንዷ ታጠፋዋለች።"

መስመሩን አየው። አንድ ቦታ ላይ ተንቀጥቅጦ፣ ቆሞ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ቀጥሏል። ቀለሙስ ጥበቧ ነው፤ ይህ ግን እጇ ራሱ ነው። ኃላፊዋን ቀና ብሎ ሳያይ፣ እንዲሁ እንዳለ ቤት ላስቀረውስ አላቸው።

"ያንተ ነው፣ ማን ይከለክልሃል?" አሉት ቀስ ብለው። "እሷ ግን ለግድግዳህ ብላ አልሳለችውም።"

ሰሌዳውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ከዚያ ላጲሷን ከሳጥኑ አወጣ፣ የጣቶቹን ላብ በሸሚዙ ጠረገና፣ ከተንቀጠቀጠችበት ቦታ ጀመረ።