እስከ እሑድ ከተነሣች

ኦሪን ሞተር ሳይክሉን መፈታታት ከጀመረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ግማሹ አካሏ ጋራዡ ወለል ላይ በተነጠፈ አሮጌ አንሶላ ላይ፣ ግማሹ ደግሞ ሚስቱ ቨርና ኬክ በምትጋግርባቸው ትሪዎች ውስጥ ተበትኗል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር፣ የኦሪን ጥገና ከኩሽናዋ ዕቃ ሳይወስድ አልቆ አያውቅም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቨርና ትቆጣ ነበር። የዘንድሮው ግን ለየት ያለ ነው። ባለፈው ወር ኦሪን ወደ ቤቱ የሚያስገባውን መታጠፊያ አልፎ ሄዶ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ግራ ገብቶት ቆሞ ተገኘ። የልጃቸው ባል ግሌን ይህን ከሰማ ወዲህ፣ «አባባ፣ ሞተሩ ይበቃዎታል» ማለት አበዛ። ግሌን ክፉ ሰው አይደለም። ትክክል መሆን ግን በጣም ይወዳል፤ አንዳንዴ ይህ ከክፋት አይተናነስም። በመጨረሻ ኦሪን በእልህ ቃሉን ሰጠ። እስከ እሑድ በገዛ እጁ ካስነሣት ሞተሯ የሱ ናት፤ ካልተነሣች ግሌን ወስዶ ይሸጣታል።

ቨርና ለሞተሯ ብዙም ግድ የላትም። የምትፈራው፣ ሞተሯ በሄደች ማግስት ኦሪን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር ነው።

ረቡዕ ባትሪውን ቀየረ። ሐሙስ ካንዴላዎቹን አወጣ፤ አንደኛው አልወጣም ብሎ የጣቶቹን ቆዳ ላጠው። ዓርብ ካርቡራተሩን ሲፈታ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ሞላ ተፈናጥራ ጠፋች። ባልና ሚስት ሁለት ሰዓት ሙሉ በጉልበታቸው ሲድሁ ቆይተው፣ ከሱሪው እጥፋት ውስጥ ተገኘች። ዛሬ ቅዳሜ ሁሉንም መልሶ ሲገጥም አንዲት ቡሎን ተረፈች።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ፋብሪካው መርቆ የሰጠኝ ይሆናላ» አለና ኪሱ ከተታት።

የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነ። ሞተሯ አንዴ ሳል ብላ ዝም አለች። ደገመ፤ ሠለሰ። ያው ነው። መፍቻውን ወለሉ ላይ ወረወረው። ቢሳደብ ለቨርና ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን አልተሳደበም።

«ለግሌን ደውይለት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ከሚመጣ ዛሬውኑ ይምጣ።» እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ገባ።

ቨርና መፍቻውን ለማንሣት ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎንበስ አለች። ያኔ ከጭስ ማውጫው አፍ ውስጥ ግራጫ ነገር አየች። የራሷ የሱፍ ካልሲ ነበር።

ባለፈው በረዶ ሊገባ ሲል ኦሪን ወገቡ ተይዞ ወንበር ላይ ሆኖ ሲያዝ፣ የምትሠራው እሷ ነበረች። አይጥ ገብቶ እንዳይከርምበት የጭስ ማውጫውን በካልሲ መወተፍ እዚያ አገር ሞተር ያለው ሁሉ የሚያደርገው ነው። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚወጣው እሱ ነው፤ ጭሱ መውጫ ካጣ ሞተር አይነሣም። ኦሪን ይህን ለስንት ጀማሪ ሲያስተምር ኖሯል። አራት ቀን ሙሉ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ከረመ።

እሷም ብትሆን ረስታዋለች። የሷን መርሳት ግን ማንም አይቆጥረውም። የኦሪንን መርሳት ግሌን ከመታጠፊያው ጋር ደምሮ ይቆጥረዋል።

በሩን እንደ ሌባ እያየች ካልሲውን በፒንሳ ጎትታ አወጣችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ደወልሽ?» አላት ሲመለስ።

«መስመሩ ተይዟል። እስቲ አንዴ ሞክራት።»

«ሞክሬያታለሁ እኮ! አታድርቂኝ።»

«ለኔ ስትል።»

ለሷ ሲል ተጫነ። ሞተሯ ጋራዡን አንቀጠቀጠችው። ኦሪን መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

«አላልኩሽም? ካርቡራተሩ ነው አላልኩሽም?»

«ብለሃል» አለች ቨርና።

እሑድ ግሌን መጣ፤ የሞተሯን ድምፅ ሰማ፤ «ይኸው አሸንፈውኛል አባባ» ብሎ የፖም ኬኩን በልቶ ሄደ። ኦሪን መፍቻዎቹን ወደየቦታቸው ሲመልስ፣ ቨርና ባለፈው ዓመት ጽፋ ግድግዳው ላይ ከለጠፈችው ወረቀት ፊት ቆመ። ለበረዶው ወራት የተሠራው ሁሉ በተራ ቁጥር ተጽፏል። ጣቱ ወደ ታች ሲወርድ ቆይቶ «ጭስ ማውጫ፦ ካልሲ» የሚለው ስድስተኛው ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጭስ ማውጫውን አየ። ጫፉ ላይ አንዲት ግራጫ ክር ቀርታለች።

«ካልሲው የታለ?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«ማጠቢያው ውስጥ።»

«ግሌን ያውቃል?»

«የኔ ካልሲ ግሌንን ምን አገባው?»

ኦሪን ከመስቀያው ሁለት የራስ ቁር አወረደና አንዱን ዘረጋላት። ከሃያ ዓመት ወዲህ ከኋላው ተቀምጣ አታውቅም።

«ከኋላዬ ውጪ» አላት። «መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ጀርባዬን መታ አድርጊኝ።»