ጭነት ሲሞላ ቀና የሚለው ብርሃን

«የደከመው የኔ ዓይን አይደለም፣ የመኪናዬ ነው» አለች ፉሚኖ ለልጇ በስልክ።

ታኩሮ ከማትሱያማ ከተማ ሆኖ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ሳቅ አልገባላትም። ጉዳዩን አስቦ እንደ ጨረሰ ሰው ነበር የሚያወራው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱ የመንደሪኑን ተዳፋት ብቻዋን ይዛ፣ ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ውላ ማምሻውን ትንሿን ነጭ ጭነት መኪና አስነስታ በባሕሩ ዳር መንገድ እስከ ማኅበሩ መረከቢያ ትነዳለች። በኅዳር ደግሞ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ የምትገባው ሰው ሳይጠግባት ነው። አምና በዚያ ሰዓት መታጠፊያው ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ተሻሽታ የመኪናዋን ጎን አስቧጭራ ነበር። ስለዚህ ታኩሮ ቁርጡን ነገራት፤ የዘንድሮው ለቀማ ሲያልቅ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው መንጃ ፈቃዷን ይመልሳሉ፤ የእድሜ እኩዮቿም እንደዚሁ እያደረጉ ነው።

መንጃ ፈቃዱ ከሄደ ዛፎቹም ሄዱ ማለት ነው። ፍሬውን ከተዳፋቱ እስከ መንገዱ የሚያወርድላት ትንሽ የጭነት ሐዲድ አለ፤ ከመንገድ ወዲያ ግን ከሷ ሌላ ማንም የለም። ይህን ለልጇ አላለችውም። ያለችው ሌላ ነበር፤ መብራቶቹን እቀይራለሁ፣ ቅዳሜ መጥተህ አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ካሶኒው ሙሉ ሆኖ በማታው እነዳለሁ። አንተ ያየኸውን እኔ ሳላየው ብቀር፣ ወይም ከፊት የሚመጣ ሰው በመብራቴ ቢቸገር፣ ፈቃዱን እዚያው መኪና ውስጥ በእጅህ አስቀምጥልሃለሁ።

«አንድ ሰው ብቻ እንኳ ረጅም መብራት ብልጭ ቢያደርግብሽ?» አለ ታኩሮ።

«አንድ ብቻ።»

ስልኩን ስትዘጋ ልቧ እንደ ልጃገረድ ልብ ይዘል ነበር።

መብራት መቀየር የሚለው ነገር በመንደሩ መጥፎ ስም ነበረው። ያንን ስም ያወጣው ቶራኪቺ ነው። ከላይኛው ተዳፋት የሚኖር፣ ከፉሚኖ ባል ጋር አብሮ ያደገ ጎረቤት ሲሆን ባለፈው ዓመት ከኢንተርኔት ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች አስመጥቶ በገዛ እጁ ገጠማቸው። ብርሃናቸው ሰማያዊ የሚመታ ነጭ ነበር፤ ቅጠሉን፣ ሰማዩን፣ የሰዉን ፊት ሳይለይ ይረጫል። ሰዎች በባሕሩ ላይ አምፖል ደርድረው ዓሣ ከሚያታልሉት ጀልባዎች ጋር አመሳስለው «ጀልባው» አሉት። ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይቆማል። እሱ ግን ስሙን እንደ ሹመት ነበር የያዘው። ፉሚኖ መብራት ልትቀይር ነው ሲባል ሰምቶ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣ።

«የኔን ዓይነት ግዢ አንቺ! ከባሕሩ ማዶ እስከ ኪዩሹ ደሴት ትታያለሽ።»

«ኪዩሹ ማን አለኝና? እኔ ማየት የፈለግኩት መንገዱን ነው» አለችውና አለፈች።

መካኒኩ ኦሳኮ ጋራዡ ከወደቡ ዳር ነው። ጉዳዩን ከነውርርዱ ነገረችው፤ እሱም እንደ ሐኪም ዝም ብሎ ካዳመጣት በኋላ የመኪናዋን የፊት መብራቶች በአውራ ጣቱ አንኳኳ። መስታወታቸው በፀሐይና በባሕር ጨው ቢጫ ሆኗል። መጀመሪያ እሱን ሞርዶ አጠራው። ቀጥሎ ያመጣላት አምፖል የቶራኪቺን ዓይነት አልነበረም። የድሮው አምፖል ሽቦ የነበረበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ልክ፣ ብርሃን የሚሰጡት ሁለት ፍሬዎች ግራና ቀኝ እንዲያዩ ሆኖ ነው የተሠራው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው አላት። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ መስታወት የተቀረጸው ብርሃኑ ከዚያች ነጥብ ይመጣል ተብሎ ነው፤ ነጥቧ ትንሽ ፈቀቅ ካለች መስታወቱ ግራ ይገባውና ብርሃኑን ወደ ሰው ዓይን ይበትነዋል።

ገጥሞ ሲጨርስ መኪናዋን ከነጩ ግድግዳ ፊት አቁሞ አጭር መብራቱን አበራው።

ፉሚኖ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ግድግዳው ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ያለ መስመር ነበር። ከመስመሩ በታች ብሩህ፣ በላይ ጨለማ። በግራ በኩል፣ ማለትም እሷ ይዛ በምትነዳው ዳር ብቻ መስመሩ ትንሽ ቀና ይላል፤ በመንገዱ ዳር የሚሄደውን እግረኛ ለማሳየት ነው። በቀኝ፣ ማለትም ተቃራኒው መኪና በሚመጣበት በኩል ግን ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

«እትዬ ፉሚኖ፣ ብርሃን ማብዛት ማንም ይችላል» አለ ኦሳኮ እጁን እየጠረገ፤ «ሥራው የት እንደሚቆም መንገር ነው።»

ኦሳኮ ምርመራ ጣቢያ ወስዷት መኪናዋ ፈተናውን አለፈች። ያን ቀን ማታ ፉሚኖ መኪናዋን ባዶዋን ወደ ቤት ነዳች፤ በማታ እንደዚያ ነድታ አታውቅም። ነጩ የመንገድ መስመር ከፊቷ እንደ አዲስ ተቀብቶ ተዘረጋ። አጥሩ ላይ ያለ ሐረግ ቅጠል ቅጠሉ ተለይቶ ይታያል። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ደግሞ የድንጋዩ ጂዞ፣ መንገደኛ የሚጠብቀው ቅዱስ ሐውልት፣ አንገቱ ላይ ከታሰረለት ቀይ ጨርቅ ጋር ብቅ አለ። በጠዋት ስታልፍ ሁልጊዜ ትሳለመዋለች፤ በማታ ግን ካየችው ስንት ዘመኗ። ፍሬን ይዛ ከመሪው ላይ ሳለች አንገቷን ዝቅ አደረገችለት፣ ከዚያ ብቻዋን ሳቀች። «ለካስ እዚሁ ነበርክ» አለችው።

ደስታዋ የቆየው እስከ ማግስቱ ማታ ነው።

በማግስቱ ካሶኒውን በመንደሪን ሳጥን ሞልታ ወጣች። መጀመሪያ የመጣው መኪና ረጅም መብራቱን ብልጭ አደረገባት። ሁለተኛውም እንደዚሁ። መንገዱ ከሚያልፍበት ዋሻ ወዲያ ደግሞ ከፊቷ ይመጣ የነበረ ሞተር ሳይክል ተንገዳግዶ ወደ ዳር ወጣና ቆመ። ነጂው የመንደሩ ቤተ መቅደስ መነኩሴ ሪዮካይ ነበሩ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የራስ ቁር እንዳደረጉ። ፉሚኖ ከመኪናው ወርዳ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«ሰላሳ ዓመት ተቀምጬ ብርሃን ስፈልግ ኖሬ» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን እያሹ፤ «እንዲህ በመኪና ተጭኖ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

ሳቀችላቸው እንጂ ሆዷ አልሳቀም። ሁለተኛዋ ጀልባ ሆነች ማለት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ያን ማታ ስትጸልይ ምንም አልጠየቀችም፤ ዝም ብላ ቁጭ አለች። ባሏ ነገር ሲበላሽበት አስቀድሞ ዝም ይል ነበር። በዝምታዋ መሐል አንድ ነገር መጣላት፤ ትናንት ማንም አልተቆጣም፣ ዛሬ ሁሉም ተቆጣ። መብራቱ ያው ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

ጠዋት ባዶዋን መኪና በማከማቻው ውስጥ፣ ጨለም ካለው ግድግዳ ፊት አቆመችና መብራቱን አብርታ፣ ያ መስመር ያረፈበት ላይ የማሸጊያ ፕላስተር ለጠፈች። ከዚያ እንደ ልማዷ ሳጥኖቹን ጫነች። ባሏ ሁልጊዜ የሚጭነው ከኋላ ነበር፤ መረከቢያው ላይ ካሶኒ ሳይወጡ ከበሩ እየሳቡ ለማውረድ እንዲመች። ከፊት ያለው ቦታ ለመሰላሉና ለሸራው ነው። እሷም የባሏን እጅ ተከትላ ነው የኖረችው። የመጨረሻውን ሳጥን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ብትዞር መስመሩ ፕላስተሩ ላይ የለም። አንድ ስንዝር ወደ ላይ ወጥቷል። የመኪናዋ ቂጥ ተቀምጦ አፍንጫዋ ሰማይ ታያለች።

ሮጣ ወደ ቤት ገባችና ለኦሳኮ ደወለች። ድምጿን ሲሰማ ሰው የሞተ መስሎት ነበር።

ኦሳኮ መጥቶ ግድግዳውን አየ፣ ካሶኒውን አየ፣ ግንባሩን መታ። እሱም የምርመራ ጣቢያውም የለኩት ባዶዋን ነው። የድሮው አምፖል ደካማ ስለነበር አፍንጫዋን ብትሰቅልም ማንም ልብ አላለውም፤ አሁን ግን ብርሃኑ በረታና ገበናው ወጣ። ሳጥኖቹን ወደ ፊት ገፍተው ከነጂው ክፍል ጀርባ አስጠግተው ደረደሩ። መስመሩ ግማሽ ስንዝር ወረደ። ፕላስተሩ ጋ ግን አልደረሰም።

ኦሳኮ በሩን ከፍቶ ከመሪው በስተቀኝ ጎንበስ አለ። «ይቺን ክታብ ማን ነው እዚህ የሰቀላት?»

ከቤተ መቅደሱ የመጣች የመንገድ ጠባቂ ክታብ ናት። መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መዞሪያ ላይ ተንጠልጥላ ኖራለች። መዞሪያዋ ለምን እንደሆነች ፉሚኖም ባሏም ጠይቀው አያውቁም፤ ለክታብ የተሠራች መስቀያ ነበር የምትመስላቸው። ኦሳኮ ክታቧን በሁለት እጁ አንስቶ ሰጣትና መዞሪያዋን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረጋት። ግድግዳው ላይ መስመሩ እንደ ታዛዥ ልጅ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ ፕላስተሩ ላይ ተኛ።

ፉሚኖ አጨበጨበች። ኦሳኮም ሳያስበው አብሯት አጨበጨበ። ከዚያ ክታቧን ይቅርታ ጠይቃ የኋላ ማሳያው መስታወት አንገት ላይ አሰረቻት።

ቅዳሜ ታኩሮ መጣ። ሳጥኖቹን አብሯት ጭኖ ከኋላ ሊደረድር ሲል «ወደ ፊት» አለችው፤ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ፀሐይ ገብታ ባሕሩ የእርሳስ መልክ ሲይዝ ተነሱ። ፉሚኖ መዞሪያዋን ሦስት ላይ አድርጋ ማርሽ አስገባች። ልጇ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈተና እንደሚፈትን ሰው ተቀምጧል።

የመጀመሪያው መኪና መጣ፤ አለፈ። ምንም የለም። ሁለተኛው መጣ፤ አለፈ። ታኩሮ የእያንዳንዱን ሾፌር ፊት አንገቱን አዙሮ ያያል። ጠባቡ ቦታ ላይ አውቶቡስ ገጠማቸው። ፉሚኖ ዳር ይዛ ቆመች፤ የድሮ ሰው ወግ ነውና እስኪያልፍ ድረስ መብራቷን ወደ ትንሿ ቀነሰች። ሾፌሩ ነጭ ጓንቱን አንስቶ አመሰገናት። ታኩሮ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ደስታዋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ ነበር የምትነዳው።

ከዋሻው ሲወጡ ከመታጠፊያው ማዶ ሰማዩ ነጣ።

ቶራኪቺ ነበር። ጭኖ ወደ ታች ወርዶ፣ አራግፎ፣ እየተመለሰ ነው። ብርሃኑ በአንድ ጊዜ መስታወቱን ሞላው፤ መንገዱ፣ ባሕሩ፣ አጥሩ ሁሉ ጠፋ። «እማ፣ አቁሚ!» ብሎ ታኩሮ ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ። ፉሚኖ አላቆመችም። ዓይኗን ከብርሃኑ አንስታ ወደ ግራ፣ የመንገዱ ዳር ነጭ መስመር ላይ ጣለችው፤ በአዲሱ መብራቷ መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያል። እግሯን ፍሬኑ ላይ አሳርፋ፣ ቀስ ብላ፣ መስመሩን እንደ ገመድ ይዛ ጂዞው አጠገብ ቆመች። ዘንድሮ ድንጋዩን አልነካችውም።

ቶራኪቺ ከጎናቸው ሲደርስ ቆመ። መስኮቱን አወረደ።

«ፉሚኖ ነሽ እንዴ? ባዶ መኪና መስሎኝ» አለ። ወደ ካሶኒው አየ። «ጭነሻል?»

«ሙሉ ነው።»

«ታዲያ መብራትሽ ለምን አልወጋኝም?»

«አንተ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል? መንገዱን እንዲያይ ነው የነገርኩት።»

ታኩሮ በእናቱ ላይ ተንጠራርቶ አንገቱን አወጣ። ዓይኑ ገና እንባ ያፈሳል። «ጋሽ ቶራኪቺ፣ እኔ አርባ ዓመቴ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እሷ ግን አልጨፈነችም። ያንን ነገር ካልቀየሩት እኔ ራሴ መጥቼ እነቅለዋለሁ።»

ሽማግሌው መስኮቱን ዘግቶ፣ በትንሿ መብራት ብቻ፣ እያዘገመ ሄደ።

መረከቢያው ላይ ሳጥኖቹን አራግፈው ሲመለሱ መንገዱ አጠረባቸው፤ ካሶኒው ባዶ ሆኗልና ብርሃኑ ከመኪናዋ አፍንጫ ብዙም አይርቅም። ፉሚኖ «እ—» ብላ እጇን ስትሰድድ የታኩሮ እጅ ቀድሟት መዞሪያዋ ላይ ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መንገዱ ተዘረጋ።

«መንጃ ፈቃዱስ?» አለችው፤ ኪሷን እየነካች።

«የቱ መንጃ ፈቃድ?» አለ ታኩሮ። ከዚያ ነገ ለቀማው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠየቃት።

መታጠፊያው ላይ ቀዩ ጨርቅ ብቅ ሲል ሁለቱም አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሰኞ ጠዋት ኦሳኮ ጋራዡን ሲከፍት የቶራኪቺን መኪና ከደጁ ቆማ አገኛት። ለመብራት ብላ የመጣች፣ ግን መንደሪን እስከ አፍ የጫነች መኪና በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ቶራኪቺ ወደ ባሕሩ እያየ፣ ሳጥኖቹን እንዳያወርዳቸው አስጠነቀቀው፤ እንደዚሁ እንደ ጫነች ነው አለ መብራቷ የሚለካው።