ከይቅርታው በኋላ

ጌታሁን ሜላትን በጥፊ የመታት የብስኩት ማሽኑን ስላቆመችው ነው። የጓደኛዋን ሻርፕ ማሽኑ ሲጎትተው አይታ ማቆሚያውን ተጫነች። ጓደኛዋ ተረፈች፤ ምድጃ ውስጥ የነበረው ብስኩት ግን አረረ። የፈረቃ ኃላፊው ጌታሁን እየሮጠ መጣና ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ እጁን ሰነዘረ። ያ ሁሉ ሠራተኛ ቆሞ እያየ አንድም የተነፈሰ አልነበረም።

ወሬው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ አስካለች ጋ ደረሰ። ኮሌጅ ጨርሳ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሥራ ስትፈልግ ስትንከራተት፣ እዚህ ፋብሪካ ያስገባት ጌታሁን ነው። የሚያመልኩትም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደንቡ ግን ግልጽ ነው፤ በሥራ ቦታ ሰው የመታ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ይህንኑ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምታስረዳው ራሷ ናት።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ ለማ ቢሮዋ መጡ።

«አስታረቅናቸው» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ልጅቷም ይቅር ብላለች። እንግዲህ አንቺም እዚሁ ዝጊው፤ የልጆች አባት ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። እስቲ እሷንም ላነጋግራት።»

ሜላት ከቤሌ የመጣች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ልጅ ናት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አስካለች የቢሮውን አማርኛ ትታ በወላይትኛ ጠየቀቻት፤ «ይቅር ያልሽው ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው፤ ቂም አልያዝኩም። ግን እትዬ፣ ነገ ማሽኑ የሰው እጅ ሲይዝ ባይ፣ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ደፍሬ የማቆመው ይመስልዎታል?»

አስካለች የስንብት ደብዳቤውን አረቀቀች። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ጌታሁን ከሄደ ፈረቃውን ማን ይይዘዋል?» አላት።

«ሰው እንፈልጋለን። ማሽኑን ደፍሮ የሚያቆም ጠፍቶ እጇ ለተቆረጠ ልጅ ግን ሌላ እጅ ከየት እናመጣለን?»

ሥራ አስኪያጁ ስንብቱን ፈረመ።

ደብዳቤውን በሌላ ሰው መላክ አላስቻላትም፤ ራሷ ቤቱ ሄደች። ጌታሁን ጓሮ እንሰቱን ይኮተኩታል። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አያት።

«አስኩ፣ እኔን? ያስገባሁሽን ሰው?»

«እስክሞት አልረሳውም ጋሼ። ግን ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን፣ አስወጪው ብለህ ቀድመህ የምትመጣው አንተ ነበርክ።»

ጀርባውን ሰጣት። ባጃጅ ውስጥ እንባዋን እየጠረገች ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ጌታሁን ዕቃ ሊያስረክብ መጣ። ፈረቃ የሚቀየርበት ሰዓት ነበር፤ ወጪውም ገቢውም አዳራሹ ውስጥ ነው። ሜላት ስታየው ወደኋላ ስላለች ራቅ ብሎ ቆመ።

«ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቄሻለሁ» አለ በወላይትኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «የመታሁሽ ግን እነዚህ ሰዎች ፊት ነው። አንቺ ሰው አዳንሽ፣ እኔ መታሁሽ። የምሄደው በጥፋቴ ነው፤ ማንም ልጅቷን እንዳይወቅሳት።»

ሜላት ቀስ ብላ ቀረበችና በሁለት እጇ ጨበጠችው። ከበሩ ሆና የምታየው አስካለች ደረቷ ላይ የነበረው ሸክም ሲቀል ተሰማት። በዚያው ሳምንት ሲፈሩ የኖሩ ሴቶች የደረሰባቸውን ሌላም ሌላም በደል ሊነግሯት አንድ አንድ እያሉ ቢሮዋ ይመጡ ጀመር። ውለታ ቢስ የሚሏትም አልጠፉም፤ ቻለችው።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ አረካ ስትሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ጌታሁን ተቀምጦ አገኘችው። ሌላ ወንበር ፍለጋ ዓይኗን አሸሸች። እሱ ግን ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። አረካ ውስጥ ወፍጮ ይጠግናል፤ ሥራው ደህና እንደሆነ ነገራት።

«ልጄ ቤቴልዬ ትምህርት ጨረሰች» አላት ትንሽ ከሄዱ በኋላ። «ፋብሪካ ልትቀጠር ነው፣ ሀዋሳ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለህ።»

«ሰው አገር ናት፤ እሰጋለሁ።» ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞረ። «እዚያም እንዳንቺ ያለ ሰው ቢኖራት ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።»