የማያልቀው ጣሳ

ለልጅቷ አክስቷ ለበዓል ያመጣችላትን ሃያ ከረሜላ እናቷ ጣሳ ውስጥ ከታ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወጣችውና፣ «በቀን አንድ ብቻ። ሲያልቅ አባትሽ ይመጣል» አለቻት። አባትየው ሹፌር ነው፤ በሃያ ቀን እመለሳለሁ ብሎ ነበር የሄደው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ደወለ። «ሌላ ቤት መሥርቻለሁ፤ አትጠብቁኝ» አለ። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ስልኩን ዘግታ የጀመረችውን ኮሌታ ጨረሰች፤ ከዚያ ሱቅ ሄዳ ከረሜላ ገዝታ ጣሳው ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ወዲህ ባነሰ ቁጥር ትጨምራለች።

«አንቺ፣ የልጅቷን ጥርስ ጨርሰሽ ልታርፊ ነው?» አለቻት አክስትየው።

«ጥርስ ይበቅላል።»

ትናንት ልጅቷ የዕለቱን ከረሜላ ተቀብላ አልፈታችውም።

«እማዬ፣ የበዓሉ ማር ማር ይል ነበር።»

«ታዲያስ?»

«ይሄ ሎሚ ሎሚ ይላል። ሎሚ ማለት ከጀመረ ቆይቷል።»

እናትየው ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ሞከረች፤ ክሩ ቀዳዳውን ሳተ። ልጅቷ ተቀብላ አስገባችላት። ከዚያ ከረሜላውን በእናቷ ሽርጥ ኪስ ከተተችው።

«ሌላ እንዳትገዢ፣ እሺ? እኔ ከረሜላ ጠልቻለሁ።»