የጎደለችው አምስተኛ መስመር

ኑሃድ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የምትጸየፈው የቡናውን ስኒ ነበር። አይጡን ለምዳዋለች፤ የጄኔሬተሩን የናፍጣ ጭስም ለምዳዋለች። መሐንዲሱ ወጅዲ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ራስ ላይ ጥሎት የሚሄደውን፣ ሲጋራ የተተረኮሰበትንና አመዱ አተላው ላይ የረጋበትን ስኒ ባየች ቁጥር ግን ፊቷን ታዞራለች።

ክፍሉ በወደብ ከተማዋ በሚና ያለ ክሊኒክ ምድር ቤት ነው። ድሮ ዓሣ ይከማችበት ነበርና ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው እስከ ዛሬ ይሸታል። ኑሃድ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አልዘለቀችም። ክፍሉን የምታጸዳውም፣ ለክሊኒኩ መድኃኒት የምትረከበውም ግን እሷ ናት፤ ቁልፉም እሷ ዘንድ ነው። የፈረንጅ ፊደል የተማረችው ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። የመጣውን ከማዘዣው ጋር ፊደል በፊደል እያስተያየች ትረከባለች፤ እንዲያ እያለች ሐሰተኛ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይዛለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ክሊኒኩ የደረሰውን ኢንሱሊን በድረ ገጹ ያወጣል። የስኳር በሽተኛው ከዓካር ተራራ ሳይወርድ በስልኩ ተራ ይይዛል። ካለፈው መጋቢት ወዲህ ግን መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ገጹ ይታነቃል። ያን ጊዜ ሽማግሌውም አሮጊቷም በሚኒባስ ታጭቀው ይመጡና ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ወጅዲ ይጠራል፤ ይነካካዋል፤ ይሠራል። ጥፋቱ የማን ነው ሲባል ደግሞ፣ "ሴትዮዋ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ነው የምታበላሸው" ይላል። የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ራጊድም አመነው። "አንድ ጊዜ ብቻ ቢደገም ቁልፉን ለወጅዲ ታስረክቢያለሽ" አላት።

ሰኞ ከቀትር በኋላ መብራት ሄደ። ገጹ ታነቀ።

ወጅዲ የቡና ስኒውን እንደያዘ፣ የሽምብራ ጥብሱን፣ ፈላፍሉን፣ እየገመጠ ደረጃውን ወረደ። የሰሊጥ ማባያው፣ የጠሂናው ቅባት በነካው ጣቱ የማሽኑን ቁልፎች መጫን ጀመረ።

"ኡም ነቢል፣ ዛሬም ገላውን አጠብሽው እንዴ?" አላት፣ በልጇ ስም እየጠራት፣ እያኘከ። "ሳሙናው ጥሩ ነበር?"

"መጀመሪያ አፍህን ጥረግ፣ ኡስታዝ" አለችው፤ የተማረ ሰው የሚከበርበት መጠሪያ ነው።

የማሽኑ ስክሪን ላይ ቢጫ ጽሑፍ ወጣ። ኑሃድ ጠጋ ብላ አየችው፤ ያንኑ ቃል ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም አይታዋለች።

"ምን እያለ ነው?"

"በረኛ የለኝም እያለ ነው። ከርነል የሚባል የማሽኑ መሠረት አለልሽ። እሱ ላይ ሞጁል የሚባል ቁራጭ ይቀጠላል። ይሄ ሞጁል በር ላይ ቆሞ ጥያቄውን አሟልቶ የመጣውን ብቻ ያስገባል። እሱ ከሌለ ወሬኛው ሁሉ ገብቶ ይገተራል።"

ይሄማ ገባት። የክሊኒኩ በረኛ አቡ ተልዓት የታመመ ቀን ማዘዣ ያልያዘው ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ይቆምና፣ የያዘው ሰው ደጅ ይቀራል።

ወጅዲ አንዲት መስመር ጻፈ፤ ቢጫው ጠፋ፤ ገጹ ተከፈተ።

"ታዲያ በየጊዜው የቀን ሠራተኛ ከምታመጣለት አንዴ ለምን አትቀጥርለትም?"

"አንዴ ብቀጥርለት እኔን ማን ይጠራኛል?" ብሎ ሳቀ። ጠሂናው ጥርሱ መሀል ይታያል። ስኒውን እንደ ልማዱ ሰርቨሩ ላይ ትቶ፣ ዶክተሩ ጋ ሊቀመጥ ወደ ላይ ወጣ።

ሳቁ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ የጠጣውን ደብተር አወረደች። ሰርቨሩን የተከለው አንቶን የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ቆጵሮስ ልጁ ዘንድ ሲሄድ ሁሉን ጽፎ ትቶላታል። አንዱ ገጽ ላይ "ማሽኑ ሲነሳ የሚጠራቸው" ይልና አምስት መስመር አለ። ፋይሉ እንዴት እንደሚከፈትም ከሥሩ ተጽፏል። በአንድ ጣቷ እየለቀመች ከፈተችው።

አራት።

እንደገና ቆጠረች። አራት። የጠፋችው አምስተኛዋ ናት፤ በውስጧ ያለው ቃል ደግሞ ያው የቢጫው ጽሑፍ ቃል ነው። ፋይሉ የተነካበትን ቀን አየች፦ መጋቢት አራት። ወጅዲ መጀመሪያ የመጣ ዕለት።

የተጠራበት ቤት እንዳይረሳው ቁስሉን እየነካካ የሚያመረቅዝ ሐኪም! ምራቋን ለመትፋት ዞር አለች፤ ወለሉን ያጠበችው እሷ ናትና ዋጠችው።

ሁለቱንም ጠርታ አወረደቻቸው። ደብተሩንም፣ ስክሪኑንም፣ ቀኑንም አሳየች።

"ማሽኑ ሲታደስ የጠፋ ይሆናላ" አለ ወጅዲ። ጆሮው ግን ቀልቷል።

"ኡም ነቢል፣ ተይ እንጂ" አለ ዶክተሩ። "የጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው አታዋርጂ።"

"በሚኒባስ ታጭቃ የመጣችው አሮጊትስ የማን ልጅ ናት፣ ሐኪም?"

አምስተኛዋን መስመር ፊደል በፊደል ከደብተሩ ገለበጠች፤ አስተያየች፤ አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ሶኬት ነቀለችው።

"አበድሽ እንዴ? ነገ እኮ ማክሰኞ ነው!"

"መብራት ሲሄድ አስፈቅዶ ነው እንዴ?"

መልሳ ሰካችው። ማሽኑ አጉረመረመ። ዶክተሩ ስልኩን ጨምድዶ ያያል፤ ወጅዲ ጫማውን ያያል። ነጭ ጽሑፍ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ቢጫ የለም። በዶክተሩ ስልክ ላይ ገጹ ተከፈተ።

"እንግዲህ ከተስተካከለ..." ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "የሆነው እዚሁ ይቅር። ቁልፉም አንቺው ዘንድ ይሁን።"

ስጦታ የሰጣት መስሎታል። ኑሃድ አላመሰገነችም። የሞተ አይጥ በጭራው እንደሚያነሳ ሰው ስኒውን በሁለት ጣቷ አንስታ ለወጅዲ ዘረጋችለት።

ወጅዲ ዶክተሩን አየ። ዶክተሩ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ወጅዲ ስኒውን ተቀበለ።

"ውኃው ከደረጃው ሥር ነው" አለችው። "በሳሙና፣ ኡስታዝ። ሳሙናው ጥሩ ነው።"