የቢሻንዳስ ባባ ኑዛዜ

ቢሻንዳስ ባባ ናርማዳ ወንዝ ዳር ከመቀመጣቸው በፊት የሠርግ መለከት ነፊ ነበሩ። የናስ ቁልፍ የተደረደረበት ቀይ ኮት ለብሰው፣ በኢንዶር ከተማ መንገዶች ከሙሽራው ፈረስ ፊት እየነፉ ሲሄዱ ያዩዋቸው ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። አንድ ቀን ማለዳ ከሩቅ ሠርግ ሲመለሱ የተሳፈሩበት መኪና ወንዙ ዳር ቆመ። ጓደኞቻቸው ፊታቸውን ተለቃልቀው ተመለሱ፤ እሳቸው ግን በጭጋጉ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገብተው ቆመው ቀሩ። ሲጠሯቸው "እናንተ ቅደሙ፣ እደርሳለሁ" አሉ። ይኸው ሳይደርሱ ቀሩ።

ከነኮታቸው ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ እብድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ደግ እብድ ነው ተባለ፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ደግሞ ሰው ጫማውን እያወለቀ እግራቸውን ይነካ ጀመር። ሥርዓት ፈጽሞ ያመነኮሳቸው ወይም የመነኮሳቱን ብርቱካናማ ልብስ ያለበሳቸው ማንም የለም። ማን ጉሩ፣ መንፈሳዊ መምህር፣ እንዳደረጋቸው ሲጠየቁ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነፉ ስለኖሩ ዝም ብሎ መስማት እንዳማራቸው፣ ሰውም የሚሰማው ሲያገኝ እንደማይሄድ ይናገሩ ነበር።

ኬሰር ወደ እሳቸው የመጣችው ወንዙ ባሏን በወሰደባት ዓመት ነው። ሐብሐብ ጭኖ ሲሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች። ሐብሐቦቹ ተንሳፍፈው ተገኙ፤ እሱ አልተገኘም። የባሏ ቤተሰቦች ገፊ ናት ብለው ሸኟት። ዋርካው ሥር ደርሳ ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ስትጠይቅ፣ ባባ ወንዙን በእግር የሚዞሩ ተሳላሚዎች እየመጡ ስለሆነ ምስር መቀቀል ትችል እንደሆነ ብቻ ጠየቋት። ተናደደች። ግን ቀቀለች፤ በማግስቱም ቀቀለች፤ እንዲህ እያለች እዚያው ፀጉሯ ሸበተ።

ወንዙን ግን አትነካም። ውሃ የምትቀዳው ከጉድጓድ፣ የምትታጠበውም ከባልዲ ነበር፤ ጀልባ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። ባባ ይህን እያዩ አንዳንዴ ይነካኳታል።

"አንቺና ወንዙ እንደ አማትና ምራት ሆናችሁ ቀራችሁ እኮ፤ አንድ ግቢ እየኖራችሁ አትነጋገሩም።"

ከእሷ ሌላ ከባባ የማይለዩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ታላቅ ኦምካርጊር ነው። ረጅም፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ የሚወጣ፣ በየዓመቱ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄጄ ዋሻ እገባለሁ እያለ ጓዙን የሚጠቀልልና መልሶ የሚፈታ ሰው ነው። ሌላው ጀልባ ቀዛፊው ሉኩ ነው። ሉኩ አስከሬን በሚቃጠልበት የወንዝ ዳር እንጨት ከሚያቀርበው ከታላቅ ወንድሙ ከሂርያ ጋር በአንዲት የውርስ ማንጎ ዛፍ ተጣልቶ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ አርጅተዋል።

ከዚያ የግድብ ወሬ መጣ። ግድቡ የሚሠራው ከታች፣ ብዙ ቀን በሚያስኬድ ርቀት ነው፤ ውሃው ግን ወደ ኋላ እያበጠ እዚህ ድረስ እንደሚመጣ ተነገረ። ሰዎች መጥተው በዋርካው ግንድ ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ውሃው እስከዚህ ይደርሳል ብለው ቀይ መስመር ቀብተው ሄዱ። ባባ ቀና ብለው አዩትና ከኮታቸው ጋር እንደሚስማማ ተናገሩ።

በዚያው ክረምት ውሃውም መሙላት፣ ባባም መድከም ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። ዝናቡ ሲያባራ አገሩ ሁሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል፤ ኬሰር ራስጌያቸው ተቀምጣ ስታዳምጥ የትኛው የእሳቸው ትንፋሽ፣ የትኛው የወንዙ ድምፅ እንደሆነ ይምታታባታል። አንዳንዴ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ዓሦች በማድቤቱ በር ገብተው በድስቶቹ መሃል ሲያልፉ አየሁ ይሏታል። እሷም በህልማቸው ይሁን በህልሟ ሳታውቀው፣ ዓሦቹን ያየቻቸው ይመስላታል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሩዝ ውሃ እያጠጣቻቸው ሳለ እጇን ያዙ።

"ስሞት ለወንዙ ስጪኝ። አንቺ ራስሽ፣ በጀልባ፣ መሃሉ ላይ።"

"ባባ፣ ሌላ ሰው የለም?"

"ሌላ ሰውማ ሞልቷል" አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

ጥቂት ሰንብተው፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ማለዳ፣ ዋርካውን ተደግፈው እንደተቀመጡ ዐረፉ። ሰዉ ከየመንደሩ ጎረፈ። ኦምካርጊር ዓይኑ እንደቀላ ተነሥቶ፣ ባባ ውሃ በማይደርስበት ኮረብታ ላይ እንደሚቀበሩ፣ መቃብራቸውም ለዘላለም መሳለሚያ እንደሚሆን ተናገረ።

ኬሰር ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ዝም ብትል ጀልባ ላይ ከመውጣት ትድናለች፣ ይህንንም ታውቃለች።

"አይሆንም፤ ለወንዙ ስጪኝ ብለውኛል" አለች።

ኦምካርጊር ወደ እሷ ዞረ። "ዲዲ፣ እኅቴ፣ መቼ ነው እንዲህ ያሉሽ?"

"ዝናቡ የበረታ ሰሞን። በገዛ አፋቸው።"

"ለእኔም በገዛ አፋቸው ነው የነገሩኝ። ኮረብታው ላይ አስቀምጠኝና አጠገቤ ሁን ነው ያሉኝ። እኔ ልዋሽ ነው?"

"እኔስ ልዋሽ ነው?"

ሰዉ አጉረመረመ። ውሃው የዋርካውን ሥሮች መላስ ጀምሯል። ያኔ ከሁሉ ኋላ መቅዘፊያውን ተደግፎ የቆመው ሉኩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔን ደግሞ… እንደ ማንም ሰው አቃጥሉኝ ነው ያሉኝ። እንጨቱን ሄደህ አምጣ አሉኝ፤ አንተው ራስህ አሉኝ።"

ኦምካርጊር እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኬሰር የሚያለቅስ መስሏት ጠጋ ስትል እየሳቀ ነው፤ እንባው ግን ይወርዳል። እሷም አልቻለችም። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች፤ አስከሬኑም ቀይ ኮቱን እንደለበሰ አብሯቸው የሚስቅ መሰላት።

ከከተማ የመጡ አንድ ካህን ጉሩ አይቃጠልም፣ ተቀምጦ ነው የሚቀበረው ብለው ተቆጡ። ኬሰር ማንም እንዳላመነኮሳቸው፣ ባባ መለከት ነፊ እንደነበሩ በትሕትና ነገረቻቸው። ሉኩም መሬት መሬት እያየ፣ "አመድ ለሁለት ይከፈላል" አለ፤ ካለ በኋላ ግን ምን እንዳለ ገባውና ፊቱ ጠቆረ፤ እንጨቱ ያለው ሂርያ ጋ ነው።

በጭጋጉ ውስጥ ብቻውን ሄደ። ምን እንደተባባሉ ያየ ሰው የለም፤ ኋላ ሉኩ እንዳወራው፣ ሂርያ ከሩቅ አይቶት ተነሥቶ ቆመና እንጨት ምን ያህል ይበቃል ብሎ ብቻ ጠየቀው። "ቀጭን ናቸው፣ ብዙ አያስፈልግም" አለ ሉኩ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው እንጨቱን ተሸክመው መጡ።

እሳቱ ቀስ ብሎ ነደደ። አመዱ ሲበርድ በሁለት የሸክላ ማሰሮ ተከፈለ፤ አንዱን ኦምካርጊር ይዞ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሁለተኛውን ኬሰር ስታነሣ አንዳንዶች ሴት፣ ያውም ባሏ የሞተባት፣ ብለው ሲያንሾካሽኩ ኦምካርጊር ከመንገድ ዞሮ አያቸው፤ መንገድ ለቀቁላት።

ጀልባዋ ስትወዛወዝ ኬሰር ማሰሮውን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ሉኩ ቀዘፈ። ዓይኗን ስትገልጥ ዳርቻው ጠፍቷል፤ ላይም ታችም ነጭ ነው፤ ጀልባዋ ትሂድ ትቁም አታውቅም። አመዱን ዘረገፈችው። ለአፍታ እንደ ግራጫ ሐር በውሃው ላይ ተዘረጋ፣ ከዚያ ራሱን አጣጥፎ ወረደ። እጇን ልትታጠብ ነከረች። ውሃው ለብ ያለ ነበር። እጇን ሳታወጣ ብዙ ቆየች፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ የባሏን ስም ጠራች። በአገሯ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አታወጣም፤ እሱ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። ሉኩ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

ውሃው ቀዩን መስመር አለፈ። ማድቤቱ፣ ጉድጓዱና ዋርካው ከሥር ቀሩ። ኬሰር ምድጃዋን ኮረብታው ግርጌ ተከለች። ኦምካርጊር ማሰሮውን ጥሎ መሄድ ስላልሆነለት ተራራውን ማንሣት ተወ፤ በአመዱ ላይ ከድንጋይ ትንሽ መደብ ሠርቶ አጠገቡ ተቀምጦ ያስተምራል። በተሳላሚዎች አፍ የባባ መለከት ዛሬ ማዕበል ጸጥ ያደርጋል፣ መካንም ያስወልዳል። ኬሰር ምስር እየጨለፈች ትምህርቱን ስትሰማ ኦምካርጊርን ትቆጣዋለች።

"ኧረ እሳቸው እንደዚህ አላሉም!"

"ሊሉት ነበር" ይላታል።

ባባ ይህን ሁሉ አስበው አድርገውት እንደሆነም አይስማሙም። ኦምካርጊር አውቀው ነው ባይ ነው። ኬሰር በመጨረሻው ሰሞን ጠዋት ያሉትን ማታ ይረሱ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ቢሆንም እርግጠኛ አይደለችም። ሉኩ አይከራከርም፤ ወንድማማቾቹ በማንጎ ወቅት አንድ ቅርጫት ከበው አፋቸውን ቢጫ አድርገው ይውላሉ።

በጋ ሲገባ፣ ውሃው ሲረጋ፣ ኬሰር ከምሳ በፊት ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ትገባለች። ዋና የተማረችው በስተርጅና ነው። ግቢው ወደነበረበት ትዋኝና ተገልብጣ በጀርባዋ ትንሳፈፋለች። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ የዓለም ድምፅ ሁሉ ይርቃል፤ ከታች ጠጠር ሲንሸራሸር፣ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ትሰማለች። ከዳር ሉኩ እጁን እያወናጨፈ ይጣራል።

"ኬሰር፣ ኧረ ምስሩ አረረ! ተሳላሚዎቹ ደርሰዋል!"

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች። ሰማዩን አንድ ጊዜ ደግማ አየችና ቀስ ብላ ወደ ዳር መዋኘት ጀመረች።